አራት እግር፣ ሦስት እግር ወይስ ፓድ ብቻ?

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ቤት ውስጥ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ከሥራ ስወጣ ደግሞ የካርታና የሳንቲም ምትሃት እሠራለሁ። ከሰው ፊት ለፊት፣ እጅ በእጅ የሚታየውን ዓይነት ማለቴ ነው። ለልደት፣ ለምርቃትና ለሠርግ ይጠሩኛል። አሁን ኮምቦልቻ ያለ አንድ ሆቴል ቅዳሜ ማታ በየጠረጴዛው እየዞርኩ እንግዶች እንዳዝናና ጠይቆኛል። ችግሬ ጠረጴዛ ነው። የካፌ ጠረጴዛ ላይ ካርታው ይንሸራተታል፣ ሳንቲሙ ይንኳኳል፣ ከመስታወት ላይ ማንሳት ደግሞ ጥፍር ይጨርሳል። ሰው ቤት ስሄድ ጠረጴዛው ወይ ከጉልበቴ በታች ነው ወይ ምግብ ተደርድሮበታል። ለዚሁ ሥራ ተብለው ውጭ አገር የሚሠሩ የሚታጠፉ ጠረጴዛዎች አሉ፤ ዋጋቸው ግን አይቀመስም። አንድ አናጺ ‹ከዋንዛ አሳምሬ፣ ምስጢር መሳቢያ ያለው እሠራልሃለሁ› ብሎኛል። ላሠራ ወይስ ይቅርብኝ? ከፍታውስ ስንት ይሁን? የምመላለሰው በሚኒባስ ነው። አያቴ ደግሞ ነገሩን ስትሰማ ‹የጠንቋይ ዕቃ ቤቴ እንዳይገባ› ብላለች።
ግራ የገባው፣ ከደሴ»

አብሽር ወንድሜ። ጥያቄህ ብዙ ነው፤ አንዱ ግን አጣዳፊ ስለሆነ እሱን ላስቀድም። አናጺውን አቁመው። ቀብድ ከፍለህ ከሆነም ለአያትህ አንድ በርጩማ ይሥራልህ። ዋንዛ ጠረጴዛ ከነምስጢር መሳቢያው ምን እንደሚያመጣ ከእኔ በላይ የሚነግርህ የለም።

ዓመታት አልፈውታል። እኔም እንዳንተ በካርታ ተለክፌ በየሠርጉ እዞር ነበር። ጠረጴዛዬ ዋንዛ ነበር። አራት እግር፣ ቫርኒሽ የተቀባ፣ ለአይጠየፍ፣ ለደሴው የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ የሚመጥን። በእኔ በኩል ባለው ጠርዝ ሥር አንዲት ቀጭን መሳቢያ ነበረችው። ቤት ውስጥ ስለማመድባት ወርቅ ነበረች። ከዚያ ኮምቦልቻ አንድ ሠርግ ላይ ተጠራሁ። ድንኳኑ የተተከለው ተዳፋት ላይ ነው። ጠረጴዛዬ ቀጥ ብሎ መቆም አቃተው። የሙሽራዋ አጎት አዘኑልኝና ካርቶን አጣጥፈው አንዱ እግር ሥር ሸጎጡ። ጨዋታው ሲደራ ካርቶኑ ሾለከ። ጠረጴዛው ወደ እኔ ዘመመ። መሳቢያዋም ሳልነካት ተከፍታ የያዘችውን ሁሉ መሬት ላይ ዘረገፈችው። ከፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ «ያውና! ያውና!» ብሎ የጮኸው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ሰዉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ። ማታ ጠረጴዛውን ለሁለት ተሸክመን ነው መኪና ላይ የጫንነው። አሁን ቤቴ ቴሌቪዥን ተቀምጦበታል። ለዚያ ሥራ አንደኛ ነው።

ስለዚህ «የትኛውን ጠረጴዛ ልግዛ» ከማለትህ በፊት «የት ነው የምሠራው» በል። ከደብዳቤህ እንዳየሁት የምትሠራው ሆቴል፣ ሰው ቤትና ድንኳን ውስጥ ነው። ሦስቱን የሚያስማማ አንድ ጠረጴዛ የለም። ለሆቴሉማ ጭራሹንም አያስፈልግህም። እንግዶቹ ጠረጴዛ አላቸው። በየጠረጴዛው የሚዞር ሰው የራሱን ተሸክሞ ከዞረ አስተናጋጆቹ ይረግሙታል። አንተ የምትፈልገው ፓድ ነው።

ፓድ ከሥሩ ለስላሳ ጎማ፣ ከላዩ ጨርቅ ያለው፣ ብብት ውስጥ የሚያዝ ነገር ነው። ከኮምፒውተር ማውስ ፓድ ጋር የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ውጭ አገር የሚሸጡት በብዛት ሁለት መጠን አላቸው። ትንሹ ወደ 28 በ40 ሳንቲ ሜትር፣ ትልቁ ወደ 40 በ58 ነው። ለሆቴሉ ትንሹ ይበቃሃል። በቢራ ጠርሙስና በጥብስ ሳህን መሐል ከዚያ የሰፋ ቦታ ማን ይሰጥሃል?

የፓድ ጥቅሙ ጣትህ የሚገባበት ክፍተት መፍጠሩ ነው። መስታወት ላይ የተኛ ሳንቲም ከሥሩ ክፍተት የለውም። ፓድ ላይ ግን አንዱን ጠርዝ ጫን ስትለው ጎማው ይጎደጉዳል፣ ሌላው ጠርዝ ይነሳልሃል። ካርታም እንደዚያው ነው። ድምፅም ይውጣል። ባለ ሁለት ቀለሙ የ1 ብር ሳንቲም መስታወት ላይ ሲያርፍ ሦስት ጠረጴዛ ድረስ ይሰማል። ፓድ ላይ አንተ ካልፈለግህ አይሰማም። ይህ ለምን እንደሚጠቅም አልዘረዝርልህም፤ አንተ ታውቀዋለህ፣ ሌላው አንባቢ ደግሞ ባያውቀው ይሻላል።

ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም፣ ደሴ ውስጥ ራስህ ትሠራዋለህ። የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ለጌም ተጫዋቾች የሚሆን ሰፊ ማውስ ፓድ ይይዛሉ። ውፍረቱ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር የሆነውን ውሰድ። አንዳንዱ ላዩ ራሱ ጥሩ ነው፤ እንዳለ ቆርጠህ ልትሠራበት ትችላለህ። ላዩ ካልተመቸህ ጨርቅ አልብሰው። እዚህ ላይ ግን አትቸኩል። ማስቲሹን ጎማው ላይ ብቻ፣ ስስ አድርገህ ቀባ። እጅ ላይ መጣበቅ እስኪጀምር ጠብቅ፣ ከዚያ ጨርቁን ከመሐል ወደ ዳር እየዳበስክ አሳርፍ። ማስቲሽ ከበዛ በጨርቁ ያልፍና ይደርቃል። ካርታህም በሄደበት ሁሉ እዚያች ቦታ ላይ ይደናቀፋል። ጫፉን መጨረሻ ላይ፣ ከጀርባው በኩል፣ በማስመሪያና በካተር ቁረጠው። በመቀስ ከቆረጥከው አይጥ የበላው ይመስላል።

የጨርቁ ነገር ሰፊ ነው። ብዙ ሰው ዘው ብሎ ወፍራም ከፋይ ይገዛል፤ ስለሚያምር። ወፍራም ከፋይ ግን ካርታ ይይዛል። ሲበዛ ልሙጥ የሆነው ደግሞ ካርታውን ወደ እንግዳው ጭን ይልከዋል። አንተ የምትፈልገው አጭር ጸጉር ያለው፣ በእጅህ ስትዳብሰው ትንሽ ብቻ እምቢ የሚል ጨርቅ ነው። እሱን በዓይን አታገኘውም። 52ቱንም ካርታ ይዘህ ጨርቅ ተራ ሂድ። ባለ ሱቁን ጨርቁን ባንኮኒው ላይ እንዲዘረጋልህ ለምነው፤ ካርታውን በአንድ እጅ ጠርገህ ዘርጋ። በካርታዎቹ መሐል ያለው ርቀት እኩል ከሆነ፣ ቀጥሎም የዳሩን ካርታ ስትገለብጥ ሁሉም እንደ ማዕበል ተከትሎ ከተገለበጠ ጨርቅህን አግኝተሃል። ባለ ሱቁም ትርኢት በነፃ ስላየ ሳይቀንስልህ አይቀርም። ጸጉሩ ወዴት እንደተኛም እይ። ከግራ ወደ ቀኝ የምትዘረጋ ከሆነ ጸጉሩ ወደዚያው ይተኛ።

ቀለሙስ? ጥቁር ሁሉንም ነገር ይደብቃል ይሉሃል። እውነት ነው፤ አቧራና የጋቢ ብናኝ ግን አይደብቅም። ማታ ደብዛዛ ብርሃን ባለበት አዳራሽ ደግሞ ጥቁር ፓድ ጉድጓድ ይመስላል። ጀርባው ቀይ ካርታ ይዘህ ቀይ ፓድ አታንጥፍ። ጠቆር ያለ አረንጓዴ ወይም ጠቆር ያለ ሰማያዊ ምረጥ። አበባ፣ መስመር፣ ጥለት አይኑርበት። የሰው ዓይን እጅህ ላይ እንጂ ጨርቅህ ላይ እንዲቀር አትፈልግም።

ስትይዘው ጠፍጣፋ እንደሆነ ያዘው። መጠቅለል ግድ ከሆነብህ የጨርቁን ፊት ወደ ውጭ አድርገህ ጠቅልል። ወደ ውስጥ ከጠቀለልከው ስታነጥፈው ጫፎቹ ወደ ላይ ይቆለመማሉ። በላያቸው ላይ ሳንቲም ማንከባለል ያን ጊዜ አቀበት ነው።

ሆቴሉ ውስጥ ሌላም ነገር አለ። ሰው እጁን ታጥቦ እንጀራ እየቆረሰ ሳለ «አንድ ካርታ ይምረጡ» አይባልም። ለካርታውም ለሰውየውም ነውር ነው። ምግቡ እስኪነሳ ጠብቅ፣ ከአስተናጋጁ ጋር ተወዳጅ፣ ጠረጴዛው በደረቅ ጨርቅ ይጠረግልህ። የቀዘቀዘ ጠርሙስ ያላበበት ቦታ ላይ ፓድ አሳርፈህ ስታነሳው ሥሩ ረጥቦ ታገኘዋለህ። ፓድ ሥሩ እርጥብ ከሆነ ከዚያ ጀምሮ ይንሸራተታል። ደግሞ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። የጦሳ ተራራ ብርድ ያደረቀው ጣትህ ያንን ሁሉ ጠመዝማዛ ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ያልበዋል። መሐረብና ሁለተኛ እሽግ ካርታ ይዘህ ውረድ።

ወደ ሰው ቤት እንምጣ። ጠረጴዛው ከጉልበቴ በታች ነው ብለህ አማረሃል። ወንድሜ፣ ጠረጴዛው አጥሮ አይደለም፤ አንተ ቆመህ ነው። የወሎ ቤት ምን እንደሚመስል ታውቃለህ። ግማሹ ፍራሽ ላይ፣ ግማሹ ዱካ ላይ ነው የሚቀመጠው። ዱካ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ከመሬት ወደ 1 ሜትር ግድም ላይ ነው። አንተ 95 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠረጴዛ ተሸክመህ ብትገባ የሚያየው የጠረጴዛህን ጠርዝ ብቻ ነው። ሰውየው ከሥር ወደ ላይ ሲያይ ደግሞ እጅህ ውስጥ ያለውን ሊያይ ይችላል። ይህ ከሁሉም የባሰ ነው።

ስለዚህ እንደነሱ ተቀመጥ። ፓድህን በርጩማ ወይም ሰፊ ትሪ ላይ አንጥፍ፣ ጀርባህን ለግድግዳ ስጥ። ከጎንህ የሚቀመጥ አይኑር፤ በተለይ ልጆች። ተቀምጦ መሥራት ከደረጃ መውረድ እንዳይመስልህ። በጣሊያን የተወለደው አሜሪካዊ ቶኒ ስላይዲኒ ዝናውን ያገነነው ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ በሠራው ሥራ ነው። አርጀንቲናዊው ረኔ ላቫንድ በልጅነቱ ቀኝ እጁን በመኪና አደጋ አጥቶ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በቀረችው በግራ እጁ ብቻ ካርታ እያጫወተ ዓለምን አስደንቋል። ጠረጴዛው ተራ ጠረጴዛ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ፣ መሶብ ላይ እንዳትሞክረው። ክብ ነው፣ ቁመቱም ይመቻል፣ እኔም አስቤው አውቃለሁ። መሐሉ ጎድጎድ ያለ ነው፣ ስፌቱም ካርታ ይይዛል። ይህን ሁሉ ብትችለው እንኳ ማዕድ ላይ ቁማር የሚመስል ነገር ስትዘረጋ ያዩ እናቶች ቡናውን ሳያቀምሱህ ይሸኙሃል።

አሁን ድንኳኑ ቀረ። እዚህ ጠረጴዛ በእርግጥ ያስፈልግሃል። ብዙ ሰው አለ፣ ከኋላ ያለው ቆሞ ነው የሚያየው፣ አንተም መቆም አለብህ። ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤ እኔ ግን ከጉልቻ የምወስደው ቁጥሩን ነው። ሦስት የሆነው ያለ ነገር አይደለም። ሦስት እግር ያለው ነገር መሬቱ ምንም ያህል ወጣ ገባ ቢሆን ሦስቱም ይነካሉ፣ አይንገጫገጭም። አራተኛ እግር ስትጨምር ነው አንዱ አየር ላይ የሚቀረው፣ ካርቶን የሚፈለገው፣ እኔ የደረሰብኝ የሚደርስብህ። ሦስት እግር በቀላሉ ሊወድቅ መቻሉ ጉድለቱ ነው። ለዚያ እግሮቹ ሰፋ ብለው ይከፈቱ፣ ላዩ ሰፊ አይሁን።

አንተ ደግሞ ፎቶ ቤት ነው የምትሠራው። ሦስት እግሩ አጠገብህ ቆሞ ምን አስጨነቀህ? የቪዲዮ ካሜራ የሚሸከመውን ጠንካራ ትራይፖድ ውሰድ። ለሞባይል የሚሆነውን ቀጫጫ አይደለም፤ እሱ በእስትንፋስ ይወዛወዛል። የካሜራ ማሰሪያው ብሎን በአብዛኛው ባለ ሩብ ኢንች ነው። ለዚያ የሚሆን ዳዶ ያለው የብረት ሳህን ብየዳ ቤት አሠርተህ ከጠረጴዛው ላይኛ ክፍል ሥር በቪቴ ታስረዋለህ። ላዩን 9 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ አድርገው። 60 በ40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ተኩል አይበልጥም። ያንኑ በ18 ሚሊ ቺፑድ ብታሠራው ወደ 3 ኪሎ ይጠጋል፤ ትራይፖዱ ላይም ይከብዳል። ከመሐሉ ዘንግ ላይ የካርታና የዕቃ ቦርሳህን አንጠልጥል። ክብደቱ ወደ ታች ስለሚጎትተው ጠረጴዛው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ዕቃህም ከዓይንህ አይርቅም።

በጠረጴዛው ዳር ዙሪያውን ቀጭን ጣውላ አስመታበት። ከፍታው ከፓድህ ውፍረት እኩል ይሁን፣ አይብለጥ። ፓዱ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል፣ እጅህንም አያደናቅፍም። የአሮጌ ብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጠህ ከፓዱ ሥር ብትለጥፍ ደግሞ ነፋስም አይነቀንቀው። ፎቶ ቤቱ ትራይፖዱን ቅዳሜ ቅዳሜ ካልሰጠህ፣ ብየዳ ቤቱ ከቀጭን ቱቦላሬ የሚፈታና የሚገጠም ሦስት እግር ይሠራልሃል። ክብደቱ ግን ይጨምራል። ሚኒባስ ላይ ላዩን እንደ መጽሐፍ ጭንህ ላይ፣ እግሮቹን እንደ ጃንጥላ መሐል እግርህ ታደርጋቸዋለህ። ረዳቱ «ጣራ ላይ ይጫን» ካለህ እሺ አትበል። ክረምት ላይ አንድ ጊዜ የረጠበ ፕላይውድ ተመልሶ ቀጥ አይልም።

ጨርቅ አልብሰህ እስከ መሬት ልታወርደው አስበህ ከሆነ ተወው። ይህ የአያትህንም ጉዳይ ይነካል። ድሮ አውሮፓ ውስጥ የምትሃት ሠሪዎች ጠረጴዛ እስከ ወለል በጨርቅ የተሸፈነ ነበር፤ ከሥሩ ረዳት ሰው የሚደበቅበት ጊዜ ነበር። ፈረንሳዊው ሮበርት ሁዳን በ1845 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ የራሱን ትያትር ሲከፍት ያንን ግርግር ጠራርጎ አወጣው። እግራቸው የሚታይ ቀላል ጠረጴዛዎች አደረገ። የሱን ዘመን ተመልካች ያስጠረጠረ ጨርቅ የደሴን ልጅ ዝም ያሰኘዋል ብለህ ነው? መጀመሪያ የሚያደርገው ገልቦ ማየት ነው።

አያትህ የፈሩት የማይታየውን ነው። ስለዚህ ጠረጴዛውን ሠርተህ ስትጨርስ መጀመሪያ ለእሳቸው አሳያቸው። ቡና አፍልተው በተቀመጡበት ሰዓት ግባ። እግሩን ንቀል፣ ግጠም፣ ገልብጠህ ሥሩን አሳይ። ባዶ እንጨትና ሦስት ብረት መሆኑን በእጃቸው ይዳብሱት። ከዚያ አንድ ሳንቲም ከእሳቸው ተበድረህ አጥፋውና ከጀበናው ማስቀመጫ ሥር አውጣው። ከእሳቸው ሳንቲም ጋር የመጣ ጂኒ የለም። አስማት ወይም ድግምት የሚል ቃል ፊታቸው አታንሳ፤ «የእጅ ጨዋታ ነው» በላቸው፣ እውነቱም እሱ ነው። አንድ የእጅ ጨዋታ አብራርተህ አሳያቸው ልልህ ነበር፤ ተውኩት፣ ሠፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

ከፍታውን ስንት ይሁን ብለሃል። ለድንኳኑ ቁጥር ከእኔ አትውሰድ። ቀጥ ብለህ ቁም፣ ክንድህን ከክርንህ እጠፍና ከመሬት እስከ ክርንህ አስለካ። ከዚያ ላይ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ቀንስ። ቁመትህ 1 ሜትር ከ70 ቢሆን ከ90 እስከ 95 መሐል ላይ ይመጣልሃል። ተራ የምግብ ጠረጴዛ ወደ 75 ነው፤ እሱ ላይ ቆመህ ስትሠራ የምትጎብጠው ለዚህ ነው። የጎበጠ ሰው ደግሞ ራሱ የእጁን ብርሃን ይከልላል። መብራት ድንገት ቢጠፋም የምትቻርጅ አምፖል ይኑርህ፤ ከፊትህ በኩል እንጂ ከኋላህ አታስቀምጣት።

ስትለካ ደግሞ ለሠርግ የምታደርገውን ጫማ አድርገህ ተለካ። እኔ ያንን ዋንዛ ያስለካሁት በነጠላ ጫማ ነበር።